በክብደቱ የመረጥኩት ሃርድ ዲስክ

የምነግራችሁ ነገር የሆነው በአራት ቀን ውስጥ ነው። ጥፋቱ ግን ከዚያ ስምንት ወር ቀድሞ፣ ነገሌ ቦረና፣ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ ተሠርቶ አልቆ ነበር። ሁለት ሰዎች እያዩኝ ነው የሠራሁት፤ ሁለቱም አስጠንቅቀውኛል። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ ሻጩን ስረግም ስትሰሙ ንጹሕ ሰው እንዳልመስላችሁ ነው። ሻጩን ግን እረግማለሁ።

ያኔ አርባዎቹን ጀምሬያለሁ። አባቴ ከሰሜን በወታደርነት መጥቶ ነገሌ የቀረ ሰው ነው። እኔ እዚያው ተወልጄ፣ አማርኛና ኦሮምኛ በአንድ ትንፋሽ እያቀላቀልኩ አድጌ፣ እዚያው የታሪክ መምህር ሆንኩ። መጽሐፍ አነባለሁ። በትንሽ ከተማ ውስጥ ብዙ የሚያነብ ሰው የሚይዘው አንድ በሽታ አለ፤ ሳይጠየቅ ይመልሳል፣ ሰው ሁሉ አዎ ያለውንም አይደለም ካላለ የሞተ ይመስለዋል። እኔ በዚህ በሽታ ክፉኛ ታምሜ ነበር። ለጋዜጣ መጣጥፍ እጽፍ ስለነበር ደግሞ በሽታዬን አገር ያውቀዋል።

ከማስተማሩ ጎን አንድ የማልጸጸትበት ሥራ ነበረኝ። ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር ትንሿን መቅረጸ ድምፄን ይዤ ወደ ቆላው እወርዳለሁ። አሬሮና ዙሪያውን እየዞርኩ ሽማግሌዎችን እቀዳለሁ፤ የትኛውን የውሃ ጉድጓድ ማን እንደቆፈረው፣ ከብቱ ያለቀበትን ዘመን፣ የትውልድ ቆጠራ። አሥር ዓመት ሙሉ እንዲህ አድርጌያለሁ። የቀዳሁትን ወደ ትምህርት ቤቱ ላፕቶፕ እገለብጥና የመቅረጫዋን ሚሞሪ አጥፍቼ እንደገና እወጣለሁ።

ከቀዳኋቸው መካከል ኦቦ ዋሪዮ የሚባሉ አዛውንት ነበሩ። አሬሮ አጠገብ ይኖራሉ። ልጃቸው ጃርሶ ድሮ ተማሪዬ ነበር፤ በኋላ ነገሌ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ሆኗል። አባትየው ወልደው አይደለም ያገኙት፤ በጉዲፈቻ ነው። ይህን ማንም ያውቃል፤ ማንም ግን አይናገረውም። በእነሱ ዘንድ ጉዲፈቻ የሆነ ልጅ ልጅ ነው፤ ፊቱ ላይ «አንተ እኮ የመጣህ ነህ» ማለት ከስድብ ሁሉ የከፋ ስድብ ነው። ስለዚህ አባት ለልጁ አይነግረውም፤ ልጅም አይጠይቅም።

ችግሩ ግን ኦቦ ዋሪዮ ልጁን የተቀበሉት አሬሮ አልነበረም። በአንድ የድርቅ ዓመት ከብታቸውን ይዘው ወደ ቡሌ ሆራ በኩል በወጡበት ጊዜ ነው። ሥርዓቱን ያዩት የዚያ አገር ሰዎች ናቸው፤ ሚስታቸውም ሞተዋል። አዛውንቱ ሲደክሙ ይህ አሳሰባቸው። አንድ ቀን ጃርሶን ከቤት አስወጥተው እኔን አስቀመጡና አንድ ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜ ተናገሩ። ልጁን እንዴት እንደተቀበሉት፣ ማን እንደመረቀ፣ ማን ማን እንደነበረ፣ ስም በስም። «የወንድሜ ልጆች ነገ ሌላ ቢሉ፣ ይህ ይሰማ» አሉኝ። እኔም ይሰማል አልኳቸው። ቃል ገባሁ ማለት ነው።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ትምህርት ቤቱ ላፕቶፑን መልስ አለኝ። ያን ጊዜ ነው ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ መግዛት ግድ የሆነው።

ምርጫውን እንደ ዋዛ አልወሰድኩትም። ወር ሙሉ አነበብኩ። ስለ ሃርድ ዲስክ የሚጻፈውን ብታዩ! የትኛው ይፈጥናል፣ የትኛው ይቀጥናል፣ የትኛው ከጠረጴዛ ቢወድቅ ይተርፋል፣ የትኛው በሰማያዊ ይመጣል፣ በቀይ። ኪስ ውስጥ መግባቱን የማያወድስ ጽሑፍ የለም። የሰጠኸውን ነገር በእርግጥ ይይዛል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ግን አንድም አላገኘሁም። ጎተራ ሊገዛ የወጣን ሰው ስለ በሩ ቀለም ሲያስተምሩት እንደመዋል ነው። እኔም ተምሬ ወጣሁ።

ከጃርሶ ጋር ወደ ሱቁ ሄድን። ባለሱቁ ዕቃውን ከሞያሌ በኩል ያመጣል፤ እንዴት እንደገባ አይጠየቅም። ሁለት ዓይነት አወጣልኝ። አንደኛው አምስት መቶ ጊጋ፣ ቀላል፣ ደብዛዛ ፕላስቲክ ነው። ሁለተኛው ሁለት ቴራ የሚል ጽሑፍ ያለበት፣ የሚያብረቀርቅ ብረት።

«መምህር፣ ይህን ያንሱት እስቲ» አለኝ ብረቱን እያቀበለ። «ክብደቱን ይዩት። ይኼኛው ደግሞ ያውልዎት፤ ላባ ነው።»

ያዝኩት። ይከብዳል። በዚያ ሰሞን ዘመናችን ሁሉን ነገር አቅልሎ እንዳበላሸው የሚያትት መጣጥፍ ጽፌ ነበር፤ ከብዶ የሚሸጥ ዕቃ ሳይ ለእኔ መልስ የተላከ መሰለኝ።

ጃርሶ ቀስ ብሎ፣ «መምህር፣ ቀላሉ ይሻል ይመስለኛል» አለ። «ክሊኒካችን እንደሱ ያለ አለው። ከአዲስ አበባ ከወኪሉ ነው የመጣው፤ ዋስትና አለው። ትንሽ ቢታገሡ አስመጣልዎታለሁ።»

«ዋስትና ማለት» አልኩት፣ «ዕቃህ ሲሞት ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር በአውቶቡስ ሄደህ ልቅሶ የምትደርስበት ወረቀት ነው።»

ባለሱቁ ከት ብሎ ሳቀ። እኔም በራሴ ቀልድ ሳቅሁ። በር ላይ ሁቃ የሚባል የከብት ደላላ ስልኩን ሊያስሞላ ቆሞ ነበር፤ እኩያዬ ነው፣ ባገኘኝ ቁጥር ሳይነካኝ አያልፍም። እሱ አልሳቀም።

«ናጋ፣ መምህር! ጭነኸዋል?» አለኝ፣ በኦሮምኛ ሰላምታ ጀምሮ።

«ምኑን?»

«የምትገዛውን። ግመል ስትገዛ ቁመቱን አይተህ ትሄዳለህ እንዴ? ታንበረክከዋለህ፣ ትጭነዋለህ፣ ታስነሣዋለህ። ጭነቱን ይዞ ከተነሣ ትገዛለህ።»

«ሁቃ፣ ይኼ አያመሰኳም።»

«ስለማያመሰኳ ነዋ የፈራሁልህ» አለ።

መልስ አላጣሁም። ገመዱን ከኮምፒውተሩ ጋር አስገናኘሁት። መጠኑ ወጣ፤ 1.81 ቴራ። ባለሱቁ ራሱ ደንግጦ ሊያስረዳኝ አፉን ሲከፍት እጄን አነሣሁና እኔ አስረዳሁት። አምራቾቹ በሺህ እንደሚቆጥሩ፣ ኮምፒውተሩ ግን በሺህ ሃያ አራት እንደሚቆጥር፣ ስለዚህ እውነተኛ ሁለት ቴራ ሁልጊዜ 1.81 ብሎ መታየት እንዳለበት። «ሐሰተኛ ቢሆን ድፍን ሁለት ይል ነበር» ብዬ ደመደምኩ። ባለሱቁ፣ «እኔም የምለው እኮ እሱን ነው» አለ። እንዲህ አድርጌ ለሌባው የሙያ ትምህርት ሰጥቼ፣ አመስግኜው፣ ዕቃውን ይዤ ወጣሁ። አላዋቂ ቢሆን ኖሮ በቁጥሩ ማነስ ተጨቃጭቆ ይመልሰው ነበር። እኔን ያታለለኝ ማወቄ ነው።

መገልበጡ ሁለት ቀን ፈጀ። መጀመሪያ ሽማግሌዎቹን፣ ከዚያ ፎቶዎቹንና ቪዲዮዎቹን፣ በመጨረሻ የራሴን፤ በስብሰባና በሥልጠና ላይ ያደረግኋቸውን ንግግሮች። ጃርሶ መጥቶ ሲያየኝ ኮፒ ሳይሆን ከት እያደረግሁ ነበር። እዚህ አጥፍቶ እዚያ ማዛወር ማለት ነው።

«መምህር፣ ላፕቶፑም ላይ ይቆይ እንጂ። ወይ ለእኔ የተወሰነውን በፍላሽ ይስጡኝ።»

«አንድን ነገር ሦስት ቦታ ማስቀመጥ የቢሮክራሲ ጠባይ ነው» አልኩት። «አንድ ቦታ፣ በሥርዓት።»

ሲያልቅ ሃርድ ዲስኩን ከፈትኩት። የሁሉም ስም ተደርድሯል፤ መጠናቸው ልክ ነው። መጨረሻ የገለበጥኩትን አንዱን ንግግሬን ከፍቼ ትንሽ አዳመጥኩ። ደኅና ተናግሬ ነበር። ላፕቶፑ ለትምህርት ቤቱ ተመለሰ፤ ፎርማት ተደርጎ ለሌላ መምህር ተሰጠ።

ስምንት ወር አለፈ። ኦቦ ዋሪዮ ሞቱ።

ሰኞ ቀን ጃርሶ ከልቅሶው ተመልሶ ቤቴ መጣ። ፊቱ ከስቷል። አልቀመጥም ብሎ ቆመ።

«የአጎቴ ልጅ ቦሩ ተናግሯል» አለ።

«ምን አለ?»

«ያሳደጉት ነው እንጂ ልጃቸው አይደለም አለ። ሥርዓት ሲፈጸም ማንም አላየም አለ።» ሠላሳ ዓመት ሙሉ ማንም ፊቱ ላይ ያላለውን ነው በአባቱ ልቅሶ የሰማው። «ሐሙስ ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ። ከብቱን ይውሰዱት፣ መምህር። ከብቱን አይደለም የምፈልገው። ግን ልጁ አይደለም ከተባልኩ ነገ የማን ልጅ ነህ ስባል ምን እላለሁ? አባቴ አንቱ ዘንድ ቃል እንዳስቀመጡ አውቃለሁ። ምን እንዳሉ አልጠየቅሁም፤ አሁንም አልጠይቅም። እዚያ ይሰማ።»

«ይሰማል» አልኩት። ለልጅየውም እንደ አባቱ።

ሃርድ ዲስኩን አውጥቼ ሰካሁት። ስሞቹ እንዳሉ ናቸው። «ዋሪዮ» የሚለውን ስነካው ሊከፍት አቅማማና አልችልም አለ። ደግሜ ነካሁት። ሌላ ሽማግሌ ሞከርኩ። እንቢ። ሌላ። ከመሃላቸው አንዱ ተከፈተና የዶፍ ዝናብ የመሰለ ጩኸት አወጣ። ከላይ እስከ ታች አንድ በአንድ ሄድኩበት፤ አሥር ዓመት ሄድኩበት ማለት ነው። እስከ ታች ስወርድ የመጨረሻዎቹ ተከፈቱ። የሚናገረው እኔ ነኝ። ስለ ቅርስ ጥበቃ አስፈላጊነት ለመምህራን ያደረግሁት ንግግር፣ ጭብጨባው ሳይቀር፣ ጥርት ብሎ ይሰማል።

ጃርሶ ቆሞ ያዳምጥ ነበር። «ይኼ አባቴ አይደለም» አለ።

ማክሰኞ ጧት ሱቁ በር ላይ ባለሱቁን ቀድሜ ደረስኩ። ጎኑ ስልክና ኮምፒውተር የሚጠግን ባለሙያ አለ፤ ሃርድ ዲስኩን ሰጠሁትና ዙሪያውን በጠባብ ዊንዲቨር ፈለቀቀው። ውስጡን ሳይ ማመን አቃተኝ። ሁለት የዛጉ ትልልቅ የመኪና ብሎን ማሰሪያዎች፣ በሙጫ ተለጥፈዋል። ከጎናቸው በስልክ ውስጥ የምናስገባት ዓይነት ሚሞሪ፣ የጥፍር ያህል። ክብደቱ ብሎን ነበር።

ባለሙያው ከንፈሩን መጠጠ። «ይቺ ያላትን አቅም ትዋሻለች» አለኝ። «ስትሞላ ሞላሁ አትልም። ወደ መጀመሪያው ተመልሳ በድሮው ላይ ትጽፋለች። ስሙን ትተወዋለች፣ ዕቃውን ትበላዋለች። ያስገባኸው የመጨረሻው ብቻ ነው የሚተርፈው።»

ሽማግሌዎቹን ያጠፋኋቸው በራሴ ንግግር ነበር ማለት ነው።

ባለሱቁ መጣ። ብሎኖቹን መደርደሪያው ላይ ጣልኩለት።

«መምህር፣ ምን ላድርግልዎ?» አለ። «ሸጥኩት እንጂ ሠራሁት? እኔም ታሽጎ ነው የሚመጣልኝ። ራስዎ አይደሉ ቁጥሩን አይተው፣ አስረድተው የወሰዱት?»

«የሞቱ ሰዎች ድምፅ ነው ያጠፋህብኝ!»

«እግዜር ያጽናዎት።» ከዚያ ጎንበስ ብሎ ከመደርደሪያው ሥር ያንኑ የሚያብረቀርቅ ብረት፣ ያንኑ፣ አዲሱን አወጣ። «እሺ፣ ለእርስዎ ስል በሌላ ልለውጥልዎ።»

እንዲህ ያለ ሰው ምን ይባላል? ጮህኩ። ለፖሊስ እነግራለሁ አልኩ፤ ይንገሩ አለ። ሰው ተሰበሰበ። አንዱ ገላጋይ፣ «መምህር፣ ለአንድ ዕቃ?» አለኝ። ለአንድ ዕቃ! በከብት ገበያ የታመመ በሬ የሸጠ ሰው ስሙ ይጠፋል፤ ሽማግሌ ይቀመጥበታል፤ ቀጥሎ ማንም ከእሱ አይገዛም። ብሎን አሽጎ አሥር ዓመት የሚበላ ግን ነጋዴ ነው፤ ገላጋይ አለው፤ እግዜር ያጽናህ ይልሃል። በዚያ ከሰዓት ያው ሱቅ ክፍት ነበር። ያው ብረትም መስታወቱ ውስጥ ተደርድሮ ነበር።

ሁቃ ከተሰበሰበው ሰው መካከል ወጥቶ ክንዴን ያዘኝ። ሊስቅብኝ ነው ብዬ ጠበቅሁት፤ አልሳቀም።

«ሌላ ቦታ የለም?» አለኝ።

«የለም።»

«ሁሉንም አንድ ቦታ?» ዓይኑ ፈጠጠ። «መምህር፣ እኛ እኮ ትምህርት ቤት አልገባንም። የሚታለቡትን ላሞች ቤት እናስቀራለን፣ የቀሩትን ፎራ ብለን ሩቅ እንልካለን። ሁለት ሦስቷን ዘመድ ቤት እናኖራለን። ድርቅ ቢመጣ፣ ሌባ ቢመጣ፣ ሁሉንም በአንድ ቀን አያገኝም። ይህን አሥር ዓመት ስትቀዳ ማንም አልነገረህም?»

ነግረውኛል። ቀድቼዋለሁ። እሱም ከጠፉት አንዱ ነው።

ረቡዕ ከጃርሶ ጋር በአይሱዙ ወደ አሬሮ ተጓዝን። ሾፌሩ አጠገብ ተጣበን ተቀምጠናል፤ መንገዱ አቧራና ቁጥቋጦ ነው። ብዙ ከሄድን በኋላ ጃርሶ አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቀኝ።

«ድምፁ ባይኖርም የሰሙት እኮ አንቱ ነዎት። ስሞቹን ያስታውሷቸዋል?»

«አስታውሳለሁ፣ አትስጋ» አልኩት። ውሸቴን ነበር።

እውነቱን ልንገራችሁ። ኦቦ ዋሪዮ ሲናገሩ እኔ መቅረጫዋን ነበር የማየው። ቀይዋ መብራት ትበራለች ወይ? ነፋሱ ይገባል ወይ? ባትሪው ስንት ቀረው? ማሽኑ እየሰማልኝ ስለሆነ እኔ መስማት አላስፈለገኝም። በኋላ ተረጋግቼ አዳምጠዋለሁ ብዬ ነበር፤ አላዳመጥኩትም። አሥር ዓመት ሙሉ ሽማግሌ ፊት ተቀምጬ አንድ ሽማግሌ አልሰማሁም።

ሐሙስ ከረፋዱ ላይ ሰዎቹ አንድ ትልቅ ግራር ሥር ተቀመጡ። የሚመሩት ኦቦ ጉዮ የሚባሉ ቀጭን አዛውንት ናቸው። ነገሩ ሁሉ የሚሄደው በኦሮምኛ ነው። ሰላምታው ረዥም ነው፤ ናጋ፣ ናጋ፣ የከብቱ ናጋ፣ የልጆቹ ናጋ። ቦሩ ቆሞ ተናገረ፤ ክፉ ሰው አይመስልም፣ ያ ይበልጥ አናደደኝ። ከዚያ እኔን አስነሡኝ። ድምፁ መጥፋቱንና እንዴት እንደጠፋ ተናገርኩ። ብሎኖቹን ስናገር ከኋላ ሳቅ ተሰማ።

ኦቦ ጉዮ ሳቁን በእጃቸው አስቆሙ። «ዕቃውን ተወው። ዋሪዮ ሲናገር አንተ ነበርክ?»

«ነበርኩ።»

«ጆሮ አለህ?»

«አለኝ።»

«እንግዲያ ንገረን። ማን ማን ነበረ አለ?»

በዚያች ቅጽበት መዋሸት እንዴት ቀላል እንደነበር! ሁለት የሞቱ ሰዎች ስም ብጠራ ማን ይመረምረኛል? ነገሩ እውነት ነው፤ ልጃቸው ነው፤ እውነትን በሐሰት መደገፍ ምን ክፋት አለው? መጣጥፍ የሚጽፍ ሰው ለዚህ ምክንያት አያጣም። ቀና ስል ጃርሶን አየሁት። ማዶ፣ ከሰዎቹ ወጣ ብሎ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጧል። ነውር ስለሆነ እንዳይሰማ።

«ስሞቹን አላውቃቸውም» አልኩ። «ሲናገሩ እያዳመጥኩ አልነበረም። መቅረጫውን ነበር የማየው።»

ጉርምርምታ ተነሣ። አንዱ፣ «መምህር ሆኖ!» አለ። ቦሩ ተነሥቶ፣ «ሰማችሁ? የሚያውቀው የለም» አለ። ፊቴ ነደደ። ልቀመጥ ጉልበቴን ሳጥፍ ግን አንድ ነገር መጣልኝ።

«አንድ ነገር አስታውሳለሁ» አልኩ። «መሃል ላይ ባትሪው አለቀብኝ። ማሽኑን አቁሜ ስቀይር ሽማግሌው ዝም ብለው አልጠበቁኝም፤ መጫወት ጀመሩ። ጃርሶ ውጪ ከብት ሲጠራ ድምፁ ተሰማ። ሳቁና እንዲህ አሉኝ፣ ‹እሱን ስቀበል በሥርዓቱ ራሱን የምንቀባበት ቅቤ ጠፍቶ ነበር፤ ድርቅ ነው፣ ላም የለም። ኤሌማ ናት ለራሷ ፀጉር ያኖረቻትን የመጨረሻ ቅቤ ያመጣችው። እስካሁን በተገናኘን ቁጥር ቅቤዬን መልስ ትለኛለች።› ይህን ብቻ ነው የሰማሁት። ስላልቀዳሁት ነው የሰማሁት።»

ቦሩ፣ «የጃርሶ ወዳጅ ነው፤ አሁን ፈጠረው» አለ።

ኦቦ ጉዮ አገጫቸውን በበትራቸው ላይ አሳረፉ። «ሊዋሽ የመጣ ሰው» አሉ፣ «ጆሮ የለኝም ብሎ አይጀምርም። የራሱን ፊት እንዲህ አያጠቁርም። ኤሌማ የምትባለውን የሚያውቅ አለ?»

አንዲት አሮጊት ከሴቶቹ በኩል ተናገሩ። ኤሌማን ያውቋታል፤ በዚያ ድርቅ ጊዜ የኦቦ ዋሪዮ ጎረቤት ነበረች፤ በሕይወት አለች፣ ቡሌ ሆራ ከልጅ ልጇ ጋር ትኖራለች። ስልክ ተፈለገ። አንዱ ለሌላው እየደወለ፣ ኔትወርክ እየጠፋ፣ አንድ ሰው ኮረብታ ላይ ወጥቶ እየጮኸ፣ ከሰዓት በኋላ ላይ ተገኘች። ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርገው መሃል ላይ ያዙት። ከሴቶቹ በኩል የተናገሩት አሮጊት መጀመሪያ ድምፅዋን ለዩ፤ ከዚያ ኦቦ ጉዮ ጠየቋት። የምትመልሰው በቁጣ ነበር። «ዋሪዮ ሞተ? ቅቤዬን ሳይመልስ?» አለችና አለቀሰች። ልጁን ማን እንዳቀፈ፣ ማን እንደመረቀ፣ ምን ቀን እንደነበረ ተናገረች። እንዲያውም ቦሩን በስሙ ጠርታ፣ «አባትህ አይደለም ወይ መልእክት ደርሶት ‹ወንድሜ ወለደ› ብሎ እዚያው አሬሮ የመረቀው? ማንን ልትጠይቅ ነው?» አለችው። ቦሩ ራሱን አቀረቀረ።

ጃርሶን ጠሩት። «የዋሪዮ ልጅ፣ ና ተቀመጥ» አሉት። ያ ነበር ፍርዱ። ሌላ ቃል አልተጨመረም።

ስንለያይ ኦቦ ጉዮ እጄን ይዘው፣ «ዕቃህ ባይጠፋም አልሰማውም ነበር» አሉኝ። «የተቀዳ ድምፅ ይጠየቃል? ጥያቄ ብጠይቀው ይመልስልኛል?»

አንባቢዎቼ፣ ይህን ታሪክ በተናገርኩ ቁጥር ሁለት ዓይነት ሰው ይመጣብኛል። አንደኛው፣ «አየህ፣ የአባቶች ትውስታ ከማሽን ይበልጣል» ይለኛል፤ ዓይኑ እንባ ያቀራል። ይህን ሰው አልታገሠውም። ኦቦ ጉዮን አከብራለሁ፤ ግን ተሳስተዋል። ከቀዳኋቸው ሽማግሌዎች ዛሬ አብዛኞቹ አፈር ለብሰዋል። የተናገሩትን ማንም አያስታውሰውም፤ የልጆቻቸው ልጆች ስልክ ላይ ናቸው። ትውስታ የዳነው ኤሌማ ስላልሞተች ነው። አንዲት ሴት በሕይወት መቆየቷን ሥርዓት አድርጋችሁ አትስበኩኝ። ሁለተኛው ደግሞ፣ «ኢንተርኔት ላይ ብትሰቅለው ኖሮ» ይለኛል። መብራት ሦስት ቀን በሚጠፋበት፣ ለአንድ ስልክ ጥሪ ሰው ኮረብታ በሚወጣበት አገር!

ስለዚህ ምክሬን ስሙ፤ ከተቃጠለ ሰው ነው። ዕቃውን በእጃችሁ አትመዝኑ። ኮምፒውተሩ የሚያሳያችሁን ቁጥር አትመኑ፤ ቁጥር ይዋሻል፣ በተለይ ለሚያውቅ ሰው። ባለሱቁ ፊት ባይሆን ቤታችሁ፣ እስኪሞላ ጫኑት፤ ከዚያ መጀመሪያ የጫናችሁትን ከፍታችሁ እዩ፣ መጨረሻ የጫናችሁትን አይደለም። እስክታዩ ድረስ ከየትም አታጥፉ። ሁለት ግዙ፤ ትንንሽ ቢሆኑም ሁለት። አንዱን ሌላ ከተማ ላለ ሰው ስጡ። ይህን የምለው እኔ አይደለሁም፣ ሁቃ ነው። ከሁሉ በፊት ግን፣ ሰው ሲነግራችሁ ማሽኑን ከመክፈታችሁ በፊት አንድ ጊዜ በጆሯችሁ ስሙት። እኔ ዛሬ እንዲያ ነው የማደርገው። ሽማግሌዎቹ ሁለት ጊዜ ማውራት ያሰለቻቸዋል፤ ይሰልቹ።

ይህን ጽሑፍ መጀመሪያ ያሳየሁት ወዳጄ፣ «መጨረሻው ደስ ይላል፤ ልጁ ልጅ ተባለለት» አለኝ። ልጅ ተባለለት፣ አዎ። መጨረሻው ግን ያ አይደለም።

ከአሬሮ ስንመለስ፣ አይሱዙው ውስጥ፣ ጃርሶ ደስ ብሎት ነበር። ሠላሳ ዓመት ያልጠየቀውን አሁን መጠየቅ ቻለ። «አባቴ ስለ ቅቤው ሲናገሩ እንዴት አሉ?» አለኝ። ነገርኩት። «እንደሱ አይደለም፣ እንዴት ብለው አሉ? ድምፃቸውን አስመስለው ይንገሩኝ።» እንቢ አልኩ። ለመነኝ። ለምን እንደተሸነፍኩ አላውቅም፤ ምናልባት ያጠፋሁትን ትንሽ የምመልስለት መስሎኝ ነው። ድምፄን አጎርንኜ፣ እንደ ሽማግሌው ዝግ ብዬ፣ መጨረሻው ላይ እንደሳቁት ስቄ ነገርኩት። ሳቀ። ድገሙልኝ አለ። ደገምኩለት። ነገሌ እስክንደርስ ብዙ ጊዜ ደገምኩለት።

ዓመት ካለፈ በኋላ መንገድ ላይ አገኘሁት። ደኅንነት ተጠያየቅን፣ ሳቅን፣ ልንለያይ ስንል ክንዴን ያዘ።

«መምህር» አለኝ፣ ዓይኔን ሳያይ፣ «አይቀየሙኝ እንጂ፣ አሁን አባቴን ሳስብ የሚሰማኝ የአንቱ ድምፅ ነው።»